ጅብራ፦ በውርጭ የታጠረ ሕይወት

ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ በጽሑፍ የተሰናዳ



ዛሬ የምንነጋገርበት ተክል ከአብዛኞቻችን መኖሪያ ርቆ፣ በአገራችን ከፍተኛ ተራሮች ላይ፣ በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ የሚበቅል ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ በቅሎ የተገኘበት አገር የለም። ሕዝቡ ጅብራ ይለዋል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ነው። የመጀመሪያው ስም ማቲያስ ደ ሎቤል ለተባሉ የፍላንደርስ የዕፀዋት ሊቅ መታሰቢያ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአበባውን ቅርጽ ከወፍ ምንቃር ጋር የሚያመሳስል የግሪክ ቃል ነው። በስሜን፣ በባሌ፣ በአርሲ፣ በጮቄ፣ በጉና፣ በአቡነ ዮሴፍና በመንዝ ጓሳ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ቅጠሉን እንደ አክሊል ዘርግቶ፣ በሣሩና በድንጋዩ መካከል እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል።

በእነዚህ ተራሮች ላይ ጅብራን ያየ ሰው አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። «ተክሉ በየሸንተረሩ በብዛት ቆሞ ይታያል፤ ታዲያ ስለ ጥበቃው መጨነቅ ለምን አስፈለገ?» ይህ ገለጻ የተዘጋጀው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። መልሱን ባጭሩ ላስቀድመው፤ ኋላ አንድ በአንድ አፍታታዋለሁ። የጅብራ ደኅንነት የሚለካው ዛሬ ቆመው በሚታዩት ግዙፍ ተክሎች ብዛት አይደለም። የሚለካው ከእግራቸው ሥር በሚወጡት ቡቃያዎችና ከሌላው ዕፀዋት ለይቶ ያኖረው የውርጭ ወሰን ባለበት በመቆየቱ ነው።

ውርጭ የሚባለው አገር

አባቶቻችን አገሩን በከፍታውና በአየሩ ሲከፋፍሉ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው አላበቁም። ከደጋው በላይ ያለውን ውርጭ ብለው ሰይመውታል። የስሙ አሰጣጥ ትክክለኛ የተፈጥሮ ዕውቀት የያዘ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የሕይወትን መልክ የሚወስነው ከዝናቡም ከአፈሩም ይልቅ ውርጩ ነውና።

እኛ የምንገኘው ለምድር ወገብ በቀረበ አካባቢ ነው። ስለዚህ በተራሮቻችን ላይ በዓመቱ ወራት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት አነስተኛ ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ግን እጅግ ሰፊ ነው። ቀን ፀሐዩ በሳሳው አየር ውስጥ ዐልፎ ቆዳ ይልጣል፤ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ምድሪቱ ሙቀቷን በፍጥነት ትለቅና ውሃው ይረጋል። በአውሮፓ ተራሮች ያለ ተክል ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን አርግፎ ወይም ከበረዶ ሥር ተኝቶ ለወራት ሊጠብቅ ይችላል። የእኛ ተራሮች ተክል ግን ይህ ዕድል የለውም፤ በዚያው በ24 ሰዓት ውስጥ ቀን ማደግ፣ ሌሊት መቋቋም ይጠበቅበታል።

ይህን የመሰለው መልክዓ ምድር በአፍሪካ ውስጥ ብርቅ ነው። ከአህጉሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት 80 በመቶ ያህሉ በኢትዮጵያ እንደሚገኝ ይገመታል። ስለዚህ የአፍሪካ የውርጭ ምድር ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው በእኛ እጅ ነው ማለት ይቻላል። ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም፣ ዋልያውም ከጅብራ ጋር የሚጋሩት ቤት ይኸው ነው።

በሌሊት የሚታጠፍ አክሊል

ግዙፎቹ ሎቤሊያዎች ይህን አየር የሚቋቋሙበት ዘዴ የሰውነታቸው አሠራር ነው። ረጃጅሞቹ ቅጠሎች በግንዱ ጫፍ ዙሪያውን ተደርድረው አክሊል ይሠራሉ። የእድገቱ እምቡጥ፣ ማለትም የተክሉ ሕይወት የተንጠለጠለበት ለጋ ክፍል፣ ከአክሊሉ መካከል ይገኛል። ሲመሽ ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፉና እምቡጡን ይሸፍናሉ፤ ሲነጋ እንደገና ይዘረጋሉ። እርጥበት የሚይዘው የግንዱ ለስላሳ ውስጠኛ ክፍልም የጠዋቱ ፀሐይ ቅጠሉን ሲያሞቀው፣ ሥሩ ግን ገና በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሳለ ለቅጠሉ ውሃ የሚያቀብል መጠባበቂያ ነው።

እዚህ ላይ የቁመቱ ጉዳይ ይነሣል። አንድ ቅጠላማ ተክል እንደ ዛፍ መቆምን ለምን መረጠ? ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ባሳተሟቸው ጥናቶች የጅብራን የምግብ ዝግጅት፣ የሚኖርበትን ጥቃቅን የአየር ጠባይና በዛፍ መልክ የመቆሙን ጥቅም መርምረዋል። ሌሊት ከሁሉ የከፋው ብርድ የሚተኛው ከመሬቱ ገጽ አጠገብ ነው፤ ቀን ደግሞ የመሬቱ ገጽ ከሁሉ በላይ ይግላል። አክሊሉን ወደ ላይ ያነሣ ተክል ከሁለቱም ጽንፎች ይርቃል። ገና ከመሬት ያልተነሣው ታናሽ ግን ሁለቱንም ይቀበላል።

በዚህ ላይ ሌላ ፈተና አለ። በውርጭ ምድር በአፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ሌሊት ወደ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ይለወጥና አፈሩን ያነሣዋል፤ ሲቀልጥ ይለቀዋል። ሥሩ ያልጠለቀ ቡቃያ በዚህ መነሣትና መውደቅ ተነቅሎ ይቀራል። እንግዲህ በጅብራ ሕይወት ውስጥ ጠባቡ በር የልጅነቱ ዘመን ነው። ያንን በር ያለፈ ለብዙ ዓመታት ይቆማል፤ ከበሩ በፊት የሚወድቀው ግን እጅግ ብዙ ነው።

ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ግዙፍ የተራራ ተክሎች በኬንያና በኪሊማንጃሮ ተራሮች፣ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ሰንሰለት፣ እንዲሁም በሐዋይ ደሴቶች ይገኛሉ። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች አይደሉም፤ ተመሳሳይ ፈተና ተመሳሳይ መልክ ሰጣቸው እንጂ። ስለዚህ ስለ ጅብራ የምናውቀው ነገር ስለ እነርሱም ፍንጭ ይሰጣል።

አንድ ጊዜ ብቻ ማበብ

ጅብራ ለብዙ ዓመታት የሚኖር ተክል ቢሆንም የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ረጅም ዘመን፣ በአብዛኛው አሥርተ ዓመታትን፣ ቅጠል እያወጣና ግንድ እያቆመ ሀብቱን ያከማቻል። ከዚያም ከአክሊሉ መካከል ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል። አበባዎቹ ከሥር ወደ ላይ ተራ በተራ ይፈካሉ። ማር ቀሳሚ ወፎች፣ በተለይም በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው የደጋ ወፍ፣ ከአበባ አበባ እየተዘዋወሩ ጽጌ ዱቄቱን ያደርሳሉ። ዘሩ ከአቧራ ያልተሻለ ደቃቅ ነው፤ ብዛቱ ግን ከቁጥር በላይ ነው። ዘሩ ከበሰለ በኋላ ተክሉ ይሞታል፤ ደረቅ ግንዱ ግን ወዲያው አይወድቅም።

ይህ የሕይወት ሥርዓት ሁለት ውጤቶች አሉት። የመጀመሪያው፣ ጅብራ ሁለተኛ ዕድል የሌለው መሆኑ ነው። ዘንግ ያወጣ ተክል ዘሩ ሳይበስል ቢቆረጥ ወይም የዘሩ መውደቂያ ተረጋግጦና ታርሶ ቢቆየው፣ የአሥርተ ዓመታት ክምችቱ ያለ ወራሽ ይቀራል። ሁለተኛው ውጤት ይበልጥ የሚያታልለን ነው። አንድ ሸንተረር ላይ ብዙ ጅብራ ቆሞ ማየት የሚነግረን ከብዙ ዓመታት በፊት በዚያ ቦታ ቡቃያ ለመጽደቅ ምቹ ሁኔታ እንደነበረ ነው። ዛሬ ምቹ ሁኔታ ስለ መኖሩ ግን አይነግረንም። ቆሞ የሚታየው ያለፈው ዘመን ምስክር ነው፤ የመጪውን ዘመን ምስክር ለማግኘት ጎንበስ ብሎ ሣሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

አጥሩ ሲነሣ

አሁን ወደ ዋናው ስጋት እንምጣ። ውርጭ ለገበሬው ጠላት ነው፤ ያሸተ ገብስን በአንድ ሌሊት ያጠፋል። ለጅብራ ግን ውርጭ አጥር ነው። ተክሉ ብርዱን ስለሚወደው አይደለም፤ ሌላው ስለማይችለው ነው። ከበታቹ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም በታች ያለው የደጋ ደንና የገበሬው ማሳ ወደ ላይ እንዳይወጡ ከሚያግዷቸው ነገሮች ዋናው ብርዱ ነው። አጥሩ ሲላላ ሁሉም ወደ ላይ ይገፋል።

አጥሩን የሚያላሉት ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንደኛው ዐይን የሚያየው ነው። የመሬት ጥበትና የአፈር መሸርሸር ያስጨነቀው ቤተሰብ የገብስ ማሳውን ወደ ዳገቱ ያሰፋል፤ ከብቱንም በየዓመቱ ከፍ ወዳለው ግጦሽ ያወጣል። ይህን የሚያደርገው ጅብራን ጠልቶ አይደለም፤ ልጆቹን ለማብላት ነው። የከብቱ ኮቴ ግን ጠባቡን በር ለማለፍ የሚታገለውን ቡቃያ ይረግጣል። ትልቁ ጅብራ ባለበት ይቆማል፤ ታናሹ ይጠፋል።

ሁለተኛው ኃይል የአየር ንብረት መሞቅ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ጋር የሚቀራረብ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ፣ የለመደውን ሙቀት ፈልጎ የሚሄድ ተክል ወደ 170 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት አለበት። ተራራ ደግሞ እንደ ጎጆ ጣሪያ ነው፤ ወደ ጉልላቱ በተጠጋን ቁጥር ስፋቱ ያንሳል። ከጉልላቱ በላይ መሄጃ የለም። አንዱ ተራራ ከሌላው በሞቃት ቆላና በጥልቅ ሸለቆ የተለየ ስለሆነ፣ የጉና ጅብራ ጉና ቢጠበው ወደ ስሜን መሰደድ አይችልም። በስምጥ ሸለቆው ወዲያና ወዲህ ያሉት የባሌና የስሜን ስብስቦች መራራቅማ የባሰ ነው።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የጅብራን ተስማሚ መኖሪያ በተለያዩ የአየር ንብረት ሞዴሎችና የልቀት መጠኖች ፈትሸዋል፤ የዘረመል ብዝኃነቱንም ለክተዋል። ሁሉም ስሌቶች ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2080 ለተክሉ ተስማሚ ሆኖ የሚቀረው መኖሪያ በአማካይ ከዛሬው 3.4 በመቶው ብቻ ነው። እርሱም በአራት የተራራ ጫፎች ላይ ተበጣጥሶ ይቀራል። ከዘረመል ብዝኃነቱ ደግሞ 82 በመቶው እንደሚጠፋ ተገምቷል፤ የግምቱ ወሰን ከ75 እስከ 87 በመቶ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባናል። የተክሉ ቁጥር በ2080 በዚህ መጠን ይሆናል ማለት አይደለም። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች በዋነኛነት የሚለኩት የአየሩን ተስማሚነት ነው። በገደል ጥላ፣ በምንጭ ዳር፣ በሰሜን አቅጣጫ በዞረ ጎድጓዳ ስፍራ ጥቂት ተክሎች ሊተርፉ ይችላሉ። በሌላ በኩል ማሳውና ግጦሹ የሚያደርሱት ጉዳት በስሌቱ ላይ ሲጨመር ውጤቱ ሊከፋ ይችላል። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር የአቅጣጫው ግልጽነት ነው።

የጥበቃ ደረጃ እንዴት ይሰጣል?

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዝርያዎችን ይዞታ በቀይ መዝገቡ ሲያሰፍር ቆይቷል። መመዘኛዎቹ የተወሰኑ ናቸው። የቁጥር መቀነስ፣ የተዘረጉበት ስፋት፣ የመበጣጠስ መጠንና የቀሩት ነጠላ ፍጥረታት ብዛት ይታያል። ለምሳሌ የስርጭቱ ወሰን ከ20,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያነሰ ዝርያ፣ መኖሪያው እየተበጣጠሰና እየቀነሰ ከሄደ፣ «ተጋላጭ» ለመባል ሊበቃ ይችላል። ከ5,000 በታች ከሆነ ደረጃው አንድ እርምጃ ይከብዳል።

የቁጥር መቀነስ የሚለካበት የጊዜ ርዝመት ለእኛ ተክል ልዩ ትርጉም አለው። መመዘኛው የ10 ዓመት ወይም የሦስት ትውልድ ዘመንን፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ውሰድ ይላል። ለአጭር ዕድሜ ነፍሳት 10 ዓመት ረጅም ነው። አንዱ ትውልዱ አሥርተ ዓመታት ለሚፈጅ ጅብራ ግን 10 ዓመት ምንም አይደለም። በአሥር ዓመት የምርምር ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ ቆመው የሚታዩት ተክሎች ብዛት አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ጊዜ ግን አንድም ቡቃያ አልጸደቀ ይሆናል። የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት ይህን የመጥፋት ዕዳ ይሉታል። ጉዳቱ ዛሬ ይደርሳል፤ ክፍያው ግን ትልልቆቹ አብበው በሚያልቁበት ዘመን ይመጣል። ዕዳው ያልታየ በመሆኑ የሌለ ይመስላል።

ለዚህ ነው በመግቢያው ያነሣነው ጥያቄ መልሱን በራሱ ውስጥ የያዘው። «በብዛት ቆሞ ይታያል» ማለትና «ደኅና ነው» ማለት ለዓመታዊ ሣር ይቀራረቡ ይሆናል፤ ለጅብራ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከጥበቃ ልምዳችን የሚገኝ ትምህርት

ስጋቱን ብቻ ዘርዝሮ መሰናበት ተገቢ አይሆንም። ከጅብራ መኖሪያዎች የተወሰኑት በጥበቃ ሥር ናቸው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እነዚህ ትልቅ እርምጃዎች ናቸው። ጮቄን የመሳሰሉ ሌሎች ተራሮች ግን ማሳና ግጦሽ በብርቱ የሚገፋቸው ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው የመንዝ ጓሳ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው ይህ ምድር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአካባቢው ሕዝብ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ዘሮች የሆኑት ባለ መብቶች መሬቱን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉታል፤ የጓሳ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ለጣሪያና ለገመድ የሚሆነውን ያጭዳሉ፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣል። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ የጥንቱን የባለ መብትነት መሠረት ሲያፈርስ ሥርዓቱም ተናጋ። ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ ቀጠለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አካባቢው በክልሉ መንግሥት ደንብ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ሥርዓቱ የተበጀው ለጅብራ ተብሎ አይደለም፤ ለሣሩ ነው። ሣሩ እንዲያድግ ከብት ሲከለከል የጅብራው ቡቃያም ከኮቴ ይድናል፤ ቀይ ቀበሮውም አደኑን ያገኛል። አንድ ተክል የሚድነው ብዙውን ጊዜ የሰው ኑሮ የተንጠለጠለበት ሌላ ነገር ሲድን ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ የሣር ጣሪያ በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ሣሩ ዋጋ ሲያጣ ለመዝጋቱ የነበረው ምክንያት ይላላል። ስለዚህ ለአካባቢው ሕዝብ ከጎብኚዎች የሚገኝ ገቢም ሆነ ሌላ ጥቅም የቀድሞውን ምክንያት መተካት ይኖርበታል። ጥቅሙ ለሌላ፣ ክልከላው ለገበሬው የሚሆንበት ጥበቃ ዕድሜ አይኖረውም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ወደ ተራራ ስትወጡ የጅብራን ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ አይበቃም። በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ ገመድ ዘርጉና በአምስት መደብ ቁጠሩ፦ ቡቃያ፣ ግንድ ያላወጣ ታናሽ፣ ግንድ ያወጣ፣ ያበበ፣ ደርቆ የቆመ። ከፍታውንና ከቦታው በታች የመጨረሻው የገብስ ማሳ ያለበትን ርቀት መዝግቡ። በሌላ ዓመት የሚመጣው ተማሪ በዚያው ቦታ ይድገመው። ቡቃያው ከደረቁ ግንድ እጅግ የበዛበት ሸንተረር ተስፋ አለው፤ ደረቁ በዝቶ ቡቃያው የጠፋበት፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ዕዳ ያለበት ነው።

ለተቋማት ደግሞ ሁለት ነገሮችን አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ ከእያንዳንዱ ተራራ የተሰበሰበ ዘር ለየብቻው ተለይቶ በዘር ባንክ እንዲቀመጥ ነው፤ ከአንድ ተራራ ብቻ የተወሰደ ዘር የሁሉንም ብዝኃነት አይወክልምና። የዘር ባንክ ግን ተራራን አይተካም። ዘሩ ቢተርፍ የሚዘራበት ውርጭ ከሌለ ተክሉ ተረፈ አይባልም። ሁለተኛው፣ ከተራሮቹ እጅግ ከፍ ያሉት ክፍሎች ከሁሉ ቀድመው እንዲጠበቁ ነው። አየሩ ሲሞቅ ጅብራው የሚሸሸው ወደዚያ ነው፤ ሲደርስ ማሳና በረት ቀድመው ከጠበቁት መሸሸጊያ አይኖረውም።

በኢትዮጵያ ከሚገኙት ወደ 6,000 የሚጠጉ የከፍተኛ ዕፀዋት ዝርያዎች 10 በመቶ ያህሉ የትም የማይገኙ የእኛ ብርቅዬዎች ናቸው። ጅብራ ከእነርሱ አንዱ ነው፤ ከሩቅ ስለሚታይ የብዙ ታናናሽ ጎረቤቶቹን ጉዳይ አብሮ ይናገራል። ዛሬ በጓሳና በሳነቴ የጸደቀ ቡቃያ አበባውን የሚያሳየው ለእኛ ሳይሆን ለልጆቻችን ነው። ከእኛ የሚጠበቀው በሩን እንዲያልፍ መተው፣ አጥሩንም አለማፍረስ ነው።